ቅልጥማችንን ልታይ ከሚሴ የመጣችው ሐኪም

ኮረብታዋ ካርታ ላይ ቁጥር ነበራት፤ ቁጥሯን ረስቼዋለሁ። የማልረሳው ድንጋይዋ ጠዋት ጠዋት እንዴት ይቀዘቅዝ እንደነበር ነው። ትእዛዙ የደረሰን አመሻሽ ላይ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ወጥተን እንድንይዛት። በቡድናችን ሰባት ነበርን። አስር አለቃው እኔ ነኝ፤ ሰይድ እባላለሁ፣ የጨፋ ሮቢት ሰው።

ወጣን። ያዝናት። ረፋዱ ላይ ሞርታር መጣ። አንዱ ከኋላችን ወደቀ። ሁለተኛው ከፊታችን። ሦስተኛው መሀላችን።

ዓይኔን ስገልጥ ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች ዞሯል፤ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል። ከጎኔ ደምሴ የሚባል የመንዝ ልጅ ግራ ቅልጥሙን በሁለት እጁ ጨብጦ ጥርሱን ነክሷል። ራቅ ብሎ ይመር ወድቋል፤ የእሱም እግር እንደኛው ነው። የደረሰልን የቡድናችን ነጋሳ ነበር። የተሰበረውን እግሬን ከደህናው ጋር አጣምሮ ከቤት ይዤው በመጣሁት ሽርጥ ጠፍሮ አሰረው።

«እግርህን አትየው። ሰማዩን እይ» አለኝ።

ሦስታችንንም አንድ በአንድ ቃሬዛ እስከሚደርስበት ድረስ ጎትቶ አወረደን። ከዚያ «እነጀማል እላይ ናቸው» አለና ተመልሶ ወጣ። አልወረደም።

ሆስፒታል ሦስታችንንም አንድ ክፍል አስተኙን። ሐኪማችን ዶክተር ሕይወት የምትባል ቀጭን ሴት ነበረች። ቁስላችን ከታጠበ በኋላ ወንበር ስባ መሀላችን ተቀመጠች።

«እንዲህ ያለውን ስብራት በሁለት መንገድ እናክማለን» አለች። «አንዱ ከውጭ ነው፤ ብረቱ ከእግራችሁ ጎን ይቆምና በችንካር ከአጥንቱ ጋር ይያያዛል። ሌላው ብረቱን አጥንቱ ውስጥ ማስገባት ነው። ሁለቱም ይሠራሉ። ጥናት እያካሄድኩ ነው፤ ከፈቀዳችሁ ለማን የትኛው እንደሚደርስ በዕጣ ይወጣል። ካልፈቀዳችሁም ሕክምናችሁ አይጓደልም።»

«የትኛው ይሻላል ይላሉ?» አልኳት።

«አላውቅም፣ ሰይድ። ባውቅ ኖሮ ዕጣ አላወጣም ነበር።»

በውትድርና ዘመኔ ከበላዬ ከሆነ ሰው «አላውቅም» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እንደዚያ ስላለችኝ አመንኳት። ፈረምኩ፤ ሁለቱም ፈረሙ። ለእኔና ለይመር የውጩ ብረት ወጣልን፤ ለደምሴ የውስጡ።

ደምሴ ቀድሞን በክራንች ቆመ። ቆሞም ወደ ራሱ ጉዳይ አልሄደም። ለሱብሂ ሶላት እንደምነሳ ስለሚያውቅ አንድ ማለዳ ጆግ ሙሉ ውሃና ሳፋ ይዞ አልጋዬ ጎን ደረሰ።

«መጀመሪያ እጅ ነው አይደል?» አለኝ፤ ማተቡ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እጅ ነው።»

አፌን፣ ፊቴን፣ ክንዴን እየቀዳ አስታጠበኝ። ደህናውን እግሬን ራሱ አጠበልኝ። ብረቱ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። «ይሄንንስ?»

«ፋሻውን በእርጥብ እጅ ማበስ ይበቃል።»

በመዳፉ ቀስ አርጎ አበሰልኝ፤ አራስ ልጅ የሚነካ ነው የሚመስለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራው ሆነ። እኔ ደግሞ በምላሹ ኦሮምኛ አስተማርኩት።

ብዙም ሳይቆይ ችንካሮቹ የገቡበት ሥጋ አመረቀዘ። ትኩሳት ያዘኝ፤ እግርህ ይቆረጣል የሚሉኝ መሰለኝ። ደምሴ ዶክተሯን ኮሪደር ላይ አስቁሞ ሲለምን በበሩ ሰማሁት።

«የኔን ብረት አውጥታችሁ ለሱ ስጡት። እኔ እንደምንም እሆናለሁ።»

«ደምሴ፣ እንደዚያ አይሆንም» አለችው። «ግን አልተወውም። አይዞህ።»

አልተወችኝም። ደጋግማ አጠበችው፣ መድኃኒቱን ቀየረችልኝ፣ የላላውን ችንካር አውጥታ በሌላ ቦታ አስገባች። እግሬ ተረፈ። ትንሽ አጥሯል፤ ግን እግር ነው። ይመር ደህና ይመስል ስለነበር ቀድሞን ወደ አገሩ ሄደ፤ ለቀጠሮ ሊመለስ።

እኔም ቤቴ ገባሁ። ለቀጠሮ ስጠበቅ መንገዱ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት ዶክተሯ ራሷ ደወለች። «እናንተ መምጣት ካቃታችሁ እኔ ከሚሴ እመጣለሁ» አለች።

ደምሴ ከመንዝ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ከዋዜማው እኛ ቤት ደረሰ። ባለቤቴ ዘሃራ በር ላይ በኦሮምኛ «አከም ጅርቱ?» ብላ ደህንነቱን ስትጠይቀው «ነጋ!» ብሎ መለሰላት፤ ሰላም ነው ማለቱ ነው። የማይገባው መስሏት ነበር፤ ከት ብላ ሳቀች።

በማግስቱ ከሚሴ ጤና ጣቢያ ከዘሃራ ጋር ሦስት ሆነን ሄድን። ዶክተሯ ራጅ አየች፤ በሜትር ለካችን፤ አስቆመችን፤ ቁጢጥ አሰኘችን። ደምሴ ቀጥ ብሎ ሄደ።

«አንተስ፣ ሰይድ፣ የሚያስቸግርህ ምንድነው?»

«ስሰግድ ነው። ከሱጁድ ግንባሬን ከመሬት አንስቼ ስቀመጥ ቁርጭምጭሚቴ አይታጠፍልኝም።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ዘሃራ ነጠላዋን ወለሉ ላይ አነጠፈችልኝ። ዶክተሯ ጫማዋን አውልቃ ከጎኔ ተንበረከከች፤ እጇን ከቁርጭምጭሚቴ ሥር አድርጋ ደግፋ ያዘችኝ። ቀስ ብሎ ታጠፈ። በየቀኑ እንዲህ እያደረገች እንድታሳሽልኝ ለዘሃራ አሳየቻት።

ከዚያ ወረቀቷን ሰበሰበችና፣ «ይመርን ላገኘው አልቻልኩም» አለች። «ስልኩ አይሠራም።»

ደምሴ እኔን አየኝ።

«አርፏል፣ ዶክተር» አልኳት። «እቤቱ ሳለ ቁስሉ አገረሸበት። መንገድ ዝግ ነበር።»

ዕንባዋ መጣ፤ አልደበቀችንም። «የት ነው የተቀበረው?» አለችን። ነገርናት። ከዚያ ስለሌሎቹም ጠየቀችን፤ ሆስፒታል ስላልደረሱት፣ ብረትም ዕጣም ስላልደረሳቸው።

ቆጠርንላት። ነጋሳ። ጀማል። አስፋው። ካሣ። አራቱ ኮረብታዋ ላይ ቀሩ። አምስተኛው ይመር ነው። ከሰባታችን ሁለት ቀረን፤ ሁለታችንም እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርን። ዘሃራ እጇን ዘርግታ «ረቢ ረህመተ ሃ ጎዱፍ» አለች፤ አላህ ይዘንላቸው ማለቷ ነው። ደምሴ «ነፍስ ይማር» አለ።

ጥናቱ ገና አላለቀም አሉ። ሲያልቅ ከሁለቱ ብረት የሚሻለውን ያውቁታል፤ ከእኛ በኋላ ለሚሰበር ሰው ይጠቅማል። እኔ ግን የሚሰበር ባይኖር ይሻለኛል። ወጣቶች አንዳንዴ ቤቴ እየመጡ ጦርነት እንዴት እንደሆነ ይጠይቁኛል። እንዲቀመጡ ቦታ እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ ከሁሉ በፊት አምስቱን ስሞች አብረውኝ እንዲጠሩ አደርጋለሁ። አብዛኞቹ ሌላ ጥያቄ አይጠይቁም።