ሦስት ቁራጭ አቡጀዲና የእኔ ሳንባ

ሕመሙ የጀመረኝ በሳል ነው። ደረቅ ሳል። መጀመሪያ ክር በመርፌ ሳሾልክ ብቻ ይመጣብኝ ነበር፤ ኋላ ግን በሳልኩ ቁጥር የከተማችን ሐይቅ ዓሣ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚሸሽ እስኪመስለኝ ባሰብኝ። ሰፈሩ በአንድ ድምፅ «ምች ነው» አለ። ዳማከሴ እየጨመቅን አፍንጫዬ ውስጥ ስናንጠባጥብ ከረምን። ቁጥቋጦ ሊበቅልብኝ ምንም አልቀረው፤ ሳሉ ግን ንቅንቅ አላለም።

አንድ ቀን ከሰዓት ትንፋሽ አጠረኝ። አየር አለ። አይገባም። ከንፈሬ ጠቆረ። ባለቤቴ ዘሀራ «ያ አላህ!» ስትል ሰማሁ። በባጃጅ ወሰዱኝ።

ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ሰጡኝ። ሐኪሟ ደረቴን አዳምጣ «አስም ነው» አለች። በአፍ የሚሳብ ኢንሄለር አዘዘችልኝ። «የሚቀሰቅስብዎትን ካላገኙት ግን ተመልሰው ይመጣሉ። መቼ ነው የሚብስብዎት?»

እኔ ምን አውቄ! የጠረጠርኩት ከሱቄ ጀርባ ያለውን ወፍጮ ነው፤ ባለቤቱን ጋሽ ሙሔን ሽማግሌ ፊት ላቆማቸው ቆረጥኩ። መጀመሪያ ግን ማስረጃ። ልብስ ሰፊ አይደለሁ? ሦስት ቁራጭ ነጭ አቡጀዲ ብናኝ እንዲጣበቅበት ቫዝሊን ቀባሁና አንዱን በወፍጮው በኩል፣ አንዱን ማድ ቤት በር ላይ፣ አንዱን የደሴ ሚኒባሶች ሞተር ሳያጠፉ ሰው በሚጠብቁበት በረንዳዬ ላይ ሰቀልኩ።

«ሰው ባንዲራ ይሰቅላል፤ አንተ ቫዝሊን!» አለችኝ ዘሀራ።

ሲሰነብቱ የወፍጮው ዱቄት ለበሰ፤ የማድ ቤቱ ትንሽ አመዳም ሆነ። የበረንዳው ጥላሸት! ወፍጮው በሚዘጋበት ቀንም መሳሌ ያኔ ትዝ አለኝ። ይህንንም ነግሬ ጨርቆቹን ሳሳያት ሐኪሟ ሳቀች።

«የዱቄቱ ብናኝ አብዛኛው አፍንጫ ላይ ይቀራል፤ ከናፍጣው ጭስ ግን ደቃቁ ሳንባ ድረስ ይወርዳል። ደቃቁን ዓይን አያየውም፤ ጨርቁን ብቻ አይመኑ። ወፍጮው ተዘግቶ መሳልዎ ግን ብዙ ይናገራል።»

በረንዳዬ ፊት የሚያቆመውን የሚኒባስ ሹፌር ሰዒድን ሞተር እንዲያጠፋ ለመንኩት።

«ኧረ ጋሼ! ካጠፋሁትማ ሰው የማልሄድ ይመስለዋል። ሞተሩ ሲጮህ ነው እየሮጠ የሚገባ።»

«አብሽር፣ አንተ አጥፋው፤ እኔ እጮህልሃለሁ።»

ሳቀ፤ አጠፋውም። መድኃኒቴን ሳላቋርጥ እየወሰድኩ፣ የስፌት መኪናዬንም ከመንገዱ ወደ ውስጥ አዙሬ፣ ከቀን ወደ ቀን ትንፋሼ እየሰፋ ሲሄድ ቃሌን ማክበር ጀመርኩ። አልሐምዱሊላህ። ሐኪሟንና ዘሀራን አላህ ይስጥልኝ። እናንተም የምትሰቃዩ፣ ኢንሄለራችሁ ከኪሳችሁ አይለይ፤ ጎረቤት ከመክሰሳችሁ በፊት የትና መቼ እንደሚብስባችሁ አስተውሉ። እኔን ከፈለጋችሁ በረንዳዬ ላይ ነኝ፤ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው የቀረው!» እያልኩ። መኪናው ባዶ ነው፤ ሳንባዬ ግን ሙሉ።