ድንኳኑን የመረጠው ሰው

ገብረ ኪዳን ሸራ ሰፊው በዕድሜው ሙሉ ከእድራችን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ከለከልነው። «ከለከልነው» የምለው ጥፋቱን ለብዙ ሰው ላካፍል ብዬ ነው እንጂ የከለከልኩትስ እኔ ነኝ። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ እኔ ዘንድ ነበር። እሱም አፈር ከለበሰ ቆይቷል፤ እንግዲህ እኔ ተሾመ ካልተናገርኩ ማንም አይናገርለትም።

አባቱ ከማይጨው በኩል ወርደው ቆቦ የከተሙ ሰው ናቸው። ገብረ ኪዳን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው፤ አማርኛው የእኛው ነው፣ ሲናደድ ብቻ ወደ ትግርኛው ይሻገራል። ሥራው የጭነት መኪና ሸራ መስፋት ነበር። ወደ አሥመራ የሚወጡት፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱት መኪናዎች ሁሉ የራያ ነፋስ ሸራቸውን ቦጫጭቆ ይሰጣቸውና እሱ ደጃፍ ይቆማሉ። እግሩን ዘርግቶ፣ ወስፌውን ይዞ፣ ሰም የጠጣ ክሩን በጥርሱ እየሳበ ይሰፋል። ሾፌሩ አላልቶ ያሰረው ከሆነ ክፍያውን ሳይነካ በፊት ስድቡን ይጨርሳል። ከሰው ጋር ብዙ ጨዋታ አያውቅም፤ ሸራ ሲያገኝ ግን ምላሱ ይፈታል።

የፊተኛው የእድር ድንኳናችን ስሙ ድንኳን ነው እንጂ ነጠላ ማለት ይቀላል። በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ፣ የአንድ ሽማግሌ ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ፣ ከአፋር በኩል የተነሳ አውሎ ነፋስ ድንኳኑን ከነምሰሶው ነቅሎ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር ወሰደው። የሟች ልጆች ለቅሷቸውን ትተው ድንኳን ሊያባርሩ ሮጡ። መሳቅ ነውር ነው፤ ግን ሳቅን፤ ባልቴቷ ራሷ ሳቀች። በማግስቱ የእድራችን ዳኛ አቶ ወልደ ሚካኤል ሸንጎ ጠርቶ «በቃን፤ ሬሳ አክብረን ነፋስ የምናስቅበት ዘመን ያብቃ» አለ። ድንኳን የሚመርጡ ሦስት ሰዎች ወደ ደሴ እንዲሄዱ ተወሰነ። ዳኛው፣ እኔና ገብረ ኪዳን።

ደሴ ስንደርስ ዳኛው ዓይኑ ሰማያዊና ነጭ መስመር ባለው ድንኳን ላይ ወደቀ። ውብ ነበር፤ ለሠርግም ይሆናል። ገብረ ኪዳን ጫፉን ይዞ ወደ ፀሐይ አነሳውና «ይኸ ወንፊት ነው» ብሎ ጣለው። ነጋዴው ተቀየመ። እሱ ግን ከጥቅልሉ ሁሉ ሥር፣ አቧራ ከጠጣ፣ ለሁለት ሰው የሚከብድ አረንጓዴ ሸራ ጎትቶ አወጣ። አሸተተው። በጥፍሩ ፈተገው። ስፌቱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሙክት ጎተተው። ከዚያ ጥጉን እንደ ገበቴ አጎድጉዶ ውሃ አስሞላና ቁጭ አለ። መጀመሪያ ከሥሩ ጠብ ጠብ አለ፤ ዳኛው «ይኸውልህ ያፈሳል!» ብሎ ደስ አለው። ገብረ ኪዳን «ጠብቅ» አለው። ሻያችንን ጠጥተን ስንጨርስ ጠብታው ቆሟል። ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍናል፤ አዲስ ሸራ አንዴ ሳይረጥብ አይታመንም አለን። ነጋዴው ትዕግሥቱ አልቆ «ሰውዬ፣ ሸራ ልትገዛ ነው ሚስት ልታጭ?» አለው።

«ሚስትማ ብትከፋ ትመከራለች፤ ሸራ በምን ይመከራል?» አለ ገብረ ኪዳን።

አረንጓዴውን ገዛን። ካስማውን ግን ከነጋዴው አልወሰደም፤ የቆቦ አሸዋ አጭር ካስማ እንደ ጥርስ ያወልቃል ብሎ እዚሁ ክንድ ሙሉ ፌሮ አስቆርጦ አሠራ።

በእድሩ ሜዳ ላይ የተከልነው ቀን ልጁን በርሄን ከውስጥ አስቀመጠው። በርሄ አንድ ልጁ ነው፤ ያኔ ወልድያ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን፣ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ለትልቅ ሰው ከወንበር ቶሎ የሚነሳ ልጅ ነበር። እኛ ከላይ በርሜል ሙሉ ውሃ እናፈስሳለን፤ አባትየው «ነካህ?» እያለ ይጮሃል። በርሄ ከውስጥ «አባ፣ እዚህ እንኳን ዝናብ ጤዛም የለ!» አለ። ገብረ ኪዳን እንደዚያ ቀን ጥርሱ ሲታይ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ከሮቢት በር እስከ ገበያው ድረስ ሰው ሲሞት ጥሩምባው ሳይነፋ ገብረ ኪዳን የሟች ደጅ ላይ ነው። ገመድ ሌላ ሰው አያስነካም። ገመዱ ሲረጥብ ያጥራል፣ ካልላላለት ካስማ ይነቅላል ብሎ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከለቅሶው መሐል ተነስቶ ይዞራል። ደግሞ በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ድንኳኑን ባዶውን ተክለን አንድ ቀን እናናፍሰዋለን፤ አለዚያ ሻጋታ ይበላዋል። ይህንንም ሥርዓት ያመጣው እሱ ነው። ለሰው ሁሉ ጥላ ሆነ ብዬ ብናገር አላጋነንኩም።

በሰባ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች በርሄን ከቤቱ ወሰዱት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ እቤቱ ተቀምጦ ነበር። ምን እንዳደረገ አላውቅም፤ ያኔ ምንም ያላደረገም ይወሰድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ተጥሎ ተገኘ። አስከሬኑን እንዲያነሱ ተፈቀደላቸው፤ ትእዛዙ ግን አብሮ መጣ። ማልቀስ የለም። ድንኳን የለም። ጥቁር መልበስ የለም። ለአብዮት ጠላት ደረት የመታ እሱም ጠላት ነው።

አራት ሰው ቀበረው። እኔ ከአራቱ አልነበርኩም። እቤቴ በሬን ዘግቼ፣ በቅርብ የማውቀው ልጅ ሲቀበር፣ የመቅደሱ ደወል እንኳ እንዳይሰማ ስጸልይ ዋልኩ። የገብረ ኪዳን ሚስት ብርኽቲ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ መዋሏን ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤት ነገረችን። እናት ልጇን ቀብራ ድምፅ እንዳይወጣት ጨርቅ ትንከስ! እንዲህ ያለ ነገር አይተን እህል መብላታችን ይገርመኛል።

በማግስቱ ጠዋት ገብረ ኪዳን ደጄ ላይ ቆመ። ልብሱ የሥራ ልብሱ ነው፤ ጥቁር የለበትም። ግባ ብለው አልገባም።

«አያ ተሾመ፣ ድንኳኑን እናናፍሰው» አለኝ።

«በመስከረም አናፍሰነው የለም እንዴ?»

«አንዱ ጥግ ላይ ሻጋታ ያየሁ መሰለኝ።»

ውሸቱን ነው። ድንኳኑን ከራሴ ልጆች ይልቅ እቆጣጠረው ነበር፤ ሻጋታ የለበትም። እሱም ውሸቱን መሆኑን ማወቄን ያውቃል። ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

«ከተተከለ ሰው ይመጣል፤ ሰው ከመጣ ደግሞ ያለቅሳል» አልኩት።

«ማንም አይምጣ። ባዶውን ይቁም። ከጠዋት እስከ ቀትር ብቻ። እኔና ብርኽቲ ከአጥራችን ሥር ሆነን እናየዋለን። ቀበሌው ቢጠይቅህ ሸራ ነው፣ ነፋስ ይፈልጋል በለው።»

ይቻል ነበር። ይኸ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። መስከረም ይሁን ጥር፣ ድንኳን መቼ እንደሚናፈስ ከኛ ሌላ ማን ያውቃል? የቀበሌው ሊቀ መንበር ሸራ ከሸማ የማይለይ ሰው ነው። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ እጁ ላይ ማኖር ነበረብኝ፤ ሌላ ምንም አልተጠየቅኩም። እኔ ግን «ገብረ ኪዳን፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ፤ ልጆቼን አታስጨርስብኝ» አልኩት። ልጁን ትናንት ለቀበረ ሰው እንዲህ አልኩት።

 «እሺ» አለና ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ የመኪና ሸራ ሲሰፋ አየሁት።

ከዚያም እንደ ድሮው ሆነ። ሰው ይሞታል፣ ገብረ ኪዳን ይመጣል፣ ይተክላል፣ ያስራል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከምሰሶው ሥር መቀመጥ ግን ተወ። ሰላምታ አልነሳኝም፤ ቢነሳኝ ይቀለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ እናቴ ወይዘሮ ደመቀች አረፈች። ሰማንያን አልፋለች፣ የልጅ ልጅ ልጅ አይታለች፣ ቆርባለች። እንዲህ ላለ ሞት ምስጋና እንጂ ሙሾ አይገባውም። ሰው ሳልልክበት ገብረ ኪዳን መጣ። ቁልፉን ስሰጠው ዓይኑን ማየት አቃተኝ። ድንኳኑን ብቻውን ማለት ይቻላል ተከለው፤ ካስማውን ሲመታ መዶሻው የሚያርፍበት ጉልበት ሥራ የሚሠራ ሰው ጉልበት አልነበረም። ተክሎ ሲጨርስ እንደ ልማዱ አልሄደም፤ ገብቶ ከምሰሶው ሥር ተቀመጠ። ቀጥሎ ብርኽቲ ገባች። ቀና ብላ ጣራውን ዙሪያውን አየችው። ከዚያ «ወደይ!» ብላ ጮኸች።

በቋንቋዋ «ልጄ» ማለቷ ነው፤ ቆቦ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። የሰማንያ ዓመት አሮጊት ልቅሶ ላይ «ልጄ» አለች። ሴቶቹ ሁሉም አንድ ላይ ተነሱ። እናቴን እንደ ጉብል አለቀሷት። ያልተሞሸረ፣ ለወግ ለማዕረግ ያልበቃ፣ በአጭር የተቀጨ እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ሊቀ መንበሩ ራሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ንፍሮ ይቆረጥማል፤ ለማን ነው የምታለቅሱት ብሎ አይጠይቅ፤ ሬሳው የታወቀ ነው። በሁለተኛው ቀን ዝናቡ ከተራራው ላይ ወርዶ እንደ ጅራፍ ገረፈን። አንድ ጠብታ አልገባም። ገብረ ኪዳን ግን ፊቱ ርሶ ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ምሰሶውን ተደግፎ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ ትከሻው እየተናጠ አነባ። ከዋጃ የመጣው የአክስቴ ልጅ «ይኸ ሰው ለእናትህ ምኗ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የእድራችን ሰው ነው» አልኩት።

እናቴን አላለቀስኩላትም ብል ሐሰት አይሆንም። እኔም ያን ልጅ ነበር የማለቅሰው፤ ለማልቀስም ያበቃኝ የእናቴ መሞት ነው።

በሦስተኛው ቀን ሠልስቱ አብቅቶ ሰዉ ተነሳ። ገብረ ኪዳን ወጥቶ የራሰውን ገመድ መፍታት ጀመረ። ዛሬ ካልነገርኩት መቼም አልነግረውም ብዬ ተከተልኩት። እግዜር ያጥናህ፣ የበርሄን ነፍስ ይማር ልለው ነው። ስድስት ወር ሙሉ ማንም ያላለውን።

«ገብረ ኪዳን» አልኩት፤ «ዛሬን ይደር። አትንቀለው።»

እጁን ገመዱ ላይ እንዳደረገ ቀና ብሎ አየኝ።

«ለማን ብለን?» አለኝ።

ስሙን እንድጠራለት ነው። አንድ ስም ብቻ። አፌን ከፈትኩ። ሊቀ መንበሩ ሁለት ክንድ ከኛ ርቆ የጫማውን ጭቃ ያራግፋል።

«ለእናቴ» አልኩ።

 «እናትህ ሦስት ቀናቸውን ጨርሰዋል፣ አያ ተሾመ» አለና ካስማውን ነቀለ። እኔም ጎንበስ ብዬ በሌላው ጫፍ ያዝኩለትና አብረን አጠፍነው።