ሰፈራችን አረንጓዴ ሲቀባ

ወደ ሱዳኗ ገላባት የተሻገርነው ለአንድ ሰሊጥ አጨዳ ነበር። ባለቤቴና እኔ አንድ ፍራሽና አንድ ድስት ይዘን መጣን፤ ለሁለት ወር ሌላ ምን ያስፈልጋል? አሁን አሥራ አንደኛ ዓመታችንን ይዘናል። አንዱን ዓመት መንገዱ ተዘጋ፣ አንዱን ዓመት ልጅ ተወለደ፣ ሌላው ሳናስበው አለፈ። ፍራሹ ተቀይሯል።

ባለቤቴ በዚህ ሁሉ ዘመን አጥብቃ የለመነችኝ አንድ ነገር ነው፤ በራችን ላይ አንድ ዛፍ እንድተክልላት። የዚህን የገዳሪፍ አገር የሚያዝያ ፀሐይ የቀመሰ ሰው ጥያቄው ቅንጦት እንዳልሆነ ያውቃል። እኔ ግን እምቢ አልሁ።

«አጨዳው እንዳለቀ ልንሄድ፣ ለማን ብዬ ነው የምተክለው?» እላታለሁ።

በራፉ ላይ ዛፍ የተከለ ሰው ቀረ ማለት ነው። ያን ማመን ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

የሚያስቀው፣ አጨዳው ሲያልፍ እንጀራዬ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ መሆኑ ነው። በቀን ስንትና ስንት ችግኝ እተክላለሁ።

«ለመንግሥት ስትተክል እጅህን አያምህም» ትለኛለች። አካፋዬን አንስቼ እወጣለሁ።

አምና ከዝናቡ በፊት አንድ የደን ሹም ካርታ ይዘው መጡ። የጠቅላላው አካባቢ የሠላሳ ዓመት የደን ዕቅድ ነው አሉ። የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ፣ ዐረብኛቸውን እኔ ተረጎምሁ። እርሻው ቢጫ፣ ወንዙ ሰማያዊ፣ ወደፊት ደን የሚሆነው አረንጓዴ ተቀብቷል። ሰፈራችንን በጣቴ ፈለግኋት። አረንጓዴው መሐል ነበረች።

«ያ ሙዲር፣ እኛስ የት ነን?» አልኋቸው ሹሙን።

«እናንተማ የአጨዳ ሠራተኞች ናችሁ። ሰሊጡ ሲያልቅ ትሄዱ የለ?»

በቅንነት ነው ያሉት። ቃሉ ደግሞ የእኔው ነው፤ ዓመት በዓመት ለባለቤቴ የነገርኋት። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ግን ጣቴን ከካርታው አነሣሁ። አስተርጓሚ ነኝና ተረጎምሁት። ከኋላ የተቀመጠችው ባለቤቴ ትክ ብላ አየችኝ።

የዚያን ቀን ከሥራ ስወጣ አንድ የሃሻብ ችግኝ ይዤ ገባሁ። ሃሻብ ሙጫ የሚሰጥ እሾሃም ግራር ነው፤ ጥላው ስስ ነው።

«ጥላ ለመንሁህ እንጂ እሾህ ለመንሁህ?»

«ዕቅዱ ላይ ያለው ይኸ ነው። አረንጓዴ ካሉን አረንጓዴ ሆነን ያግኙን።»

ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆፈርሁ። ተከልሁት። እሷ ድስት ያጠበችበትን ውኃ በጣሳ እያመጣች ታፈስለት ጀመር።

«ሙጫው መቼ ይደርሳል?»

«በአምስት ዓመቱ።»

«ያን ጊዜ ማን ይለቅመዋል?»

«እኛ ነና!» አልሁ።

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ጣሳዋን አስቀመጠችና ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። እኔም አካፋዬን ይዤ ቆምሁ፤ እናቴ ከመተማ ማዶ አሁንም «ለዘንድሮ ፋሲካ» እያለች እንደምትጠብቀን ትዝ አለኝ፣ አለቀስሁ።

ባለቤቴ ፊቷን ጠርጋ ቀና አለች።

«በል አጥር ሥራለት» አለችኝ፤ «ፍየል ይበላዋል።»