የሚቃጠል ገንዘብ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። የምናጠናው ቄስ የሆኑት አባቴ ለምነው ባስፈቀዱልኝ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ብርዱ ስለማይቻል ማንም ጋቢውን አያወልቅም።

የዚያን ቀን ትምህርት ፈረንጆች ስለ ማግኘትና ስለ ማጣት የሚሏቸው ፈሊጦች ነበሩ። ባለጸጋ ቤት የተወለደን ሰው "በአፉ የብር ማንኪያ ይዞ ተወለደ" ይሉታል ስላቸው፣ ከጫጫ የሚመላለስ አንድ ተማሪ "አዋላጇ ምን አለች ታዲያ?" አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። "ከእጅ ወደ አፍ" የሚለው እነሱም ዘንድ እንዳለ ስነግራቸው ደግሞ ገረማቸው። "ፈረንጅም ይቸግረዋል እንዴ?" አሉኝ። ደስ ብሎኝ ቀጠልኩ። ሰሌዳው ላይ "የሚያቃጥለው ገንዘብ አለው" የሚለውን ጻፍኩና፣ "ከመትረፍረፉ የተነሣ ቢያቃጥለው እንኳ ግድ የማይሰጠው ማለት ነው። እስቲ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት" አልኩ።

ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከወለጋ ተፈናቅላ ከእናቷ ጋር መጠለያ የምትኖር ናት። ሦስት ወር ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ብድግ ብላ በጠራ እንግሊዝኛ፣ "አባቴ የሚያቃጥለው ገንዘብ ነበረው" አለች።

"ጎበዝ! አጨብጭቡላት!" አልኩ። አጨበጨቡላት።

እሷ ግን አልተቀመጠችም። "ቲቸር፣ የተሳሳትኩ መሰለኝ" አለች በአማርኛ። "አባቴ ሀብታም አልነበረም። የበቆሎና የቡና ሽያጭ ነው፤ በፌስታል ጠቅልሎ ጣሪያው ሥር ሸጉጦት ነበር። ቤታችን ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ። እንደዚያ ከሆነ እንዴት ነው የሚባለው?"

ጠመኔዬን አንስቼ "ገንዘቡ ተቃጠለበት" የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት። ጎንበስ ብላ ደብተሯ ላይ ገለበጠችው።

ሰኞ ወደ መጠለያው ሄድኩ። እናቷን ከሸራ ቤታቸው በር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"እማማ፣ ሳላውቅ ልጅዎን ሰው ፊት ያስለቀስኳት መሰለኝ። ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"አላለቀሰችም፤ ነግራኛለች። የገንዘቡን ነው ያወራችሽ?"

"አዎ።"

"ሌላውንስ?"

አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

"አባቷ በቆሎው ማሳ ውስጥ ደብቆን ነበር" አሉ። "ድነን ነበር እኮ፣ ልጄ። ቤቱ መያያዙን ሲያይ 'ለልጅቷ ትምህርት ያልኩት' ብሎ ተነሣ። ኮቱን ጨምድጄ ያዝኩት። 'መጣሁ' አለኝ።"

ኮቱን የያዙበትን እጃቸውን ዘርግተው አዩት።

በእኛ ቋንቋ "መጣሁ" የሚለው የሚሄድ ሰው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስለው ኖሬ አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም። አሁን ግን ባለቤቴ "ሱቅ ደርሼ መጣሁ" ሲለኝ የያዝኩትን ጥዬ እስኪመለስ በር ላይ እቆማለሁ። ክፍል ውስጥም ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ስጽፍ አንዳንዴ ከኋላዬ ጭብጨባ ይሰማኛል። ዞር ስል ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል።

ልጅቷ ፈተናውን አለፈች። ከደብረ ሲና ወዲያ፣ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ሄደች። እናቷ እዚያው መጠለያ ናቸው፤ ቅዳሜ ከትምህርት ስወጣ ጎራ እላለሁ። ስለ ባላቸው አናነሳም። ዝናብ ሲጀምር የሸራውን በር ገለጥ አድርገው ወደ ምዕራብ ያያሉ።

"እዚያም ጥሎ ይሆን?" ይሉኛል።

"ሳይጥል አይቀርም፣ እማማ።"

"ማሳውን ማን ዘርቶት ይሆን" ይላሉ፤ በሩንም መልሰው ይዘጉታል።