ሳይጠብቅ የቀረው «ለ»

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ትንሽ ወረድ ብሎ ባለ አንድ የወጣቶች አዳራሽ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንድናገር ተጠርቼ ነበር። ከመሥሪያ ቤት ከወጣሁ ወዲህ እንጀራዬ ይኸው ሆኗል፤ ድሮ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም እሠራ ነበር፣ አሁን ስለ ፕሮግራም አወራለሁ። ባለቤቴ «ኑሮሽ እውነትም ከእጅ ወደ አፍ ሆነ» እያለ ይስቅብኛል። መድረክ መሪው ልጅ ሲያስተዋውቀኝ «የቴክኖሎጂ ፈር ቀዳጃችን» አለኝ። ፈር የሚቀድደው በሬ ነው፤ እሱም ቢሆን ጅራፍ የያዘ ሰው ከኋላው ስላለ ነው። ይህንን ግን ለአዳራሹ አልተናገርኩም፤ እጅ ነሥቼ መድረኩ ላይ ወጣሁ።

ጥያቄና መልስ ላይ ስንደርስ ከኋላ ረድፍ አንዲት ቀጭን ልጅ ተነሣች። «እትዬ... እ... ማለቴ ኢንጂነር፣ መጀመሪያ የሠሩት ፕሮግራም ምን ነበር?» አለችኝ።

«ጽሑፍ እያየ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ። በአማርኛ።»

«በማን ድምፅ?»

«በወንድሜ» አልኩና ውሃ ጠጣሁ። መድረክ መሪው ሰዓቱን አይቶ ወደ ሌላ ጠያቂ አለፈ። ከዚያ በኋላ ምን እንደተናገርኩ በደንብ አላስታውስም። አፌ አዳራሹ ውስጥ ቀርቶ ልቤ ዳገቱን ሽቅብ ተያይዞት ነበር።

ያደግንበት ቤት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነበር። አባታችን ልጆች ሳለን ስለሞተ ሦስት ነበርን፤ እማዬ፣ ታላቅ ወንድሜ ታምሩና እኔ። እማዬ ለሰፈሩ ሸማኔዎች ጥጥ ትፈትል ነበር። ታምሩ ትምህርቱን አቋርጦ ወያላ ሆነ፤ እኔ እንድማር ነው ያቋረጠው፣ ይህንን ግን አንድ ቀን እንኳ አንሥቶብኝ አያውቅም። ድምፁ ጉድ ነበር። «ፒያሳ! ፒያሳ! የሞላ ፒያሳ!» ሲል ከታች ከአስፋልቱ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። እማዬ ያንን ጥሪ ስትሰማ ምሳው እንደደረሰ ታውቅና ሽሮውን እሳት ላይ ትጥዳለች።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እንደያዝኩ መሥሪያ ቤታችን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሊጥል ሲል ለምኜ ወሰድኩት። ታምሩ በሚሠራበት ታክሲ ጭኖ አመጣልኝ። ሹፌሩ «ይሄ ወንበር የያዘ ሰው ሂሳብ አይከፍልም?» ብሎ ቢያፌዝ ታምሩ «ተማሪ ነው፣ ተወው» አለው። ቤት ሲገባ እማዬ ዞር ዞር ብላ አየችውና «ሣጥኑ» የሚል ስም አወጣችለት። በማግሥቱ ራሷ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው።

በዚያን ጊዜ ሥራ ቦታ የማየው ነገር ሁሉ እንግሊዝኛ ነበር። እኔ ደግሞ የወጣትነት እብሪት ይዞኝ ሣጥኑን አማርኛ ላስነብበው ተነሣሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ፊደላችን እንደተጻፈው ነው የሚነበበው ብለን አይደል የምንኮራው? እያንዳንዱን ፊደል በአንድ ሰው ድምፅ ከቀዳሁ ሣጥኑ ፊደሎቹን እየለቀመና እየቀጠለ ማንኛውንም ጽሑፍ ያነባል ማለት ነው። ለድምፁ ከታምሩ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል?

ቀረጻው በየእሑዱ ነበር። የዶሮውና የሸማኔዎቹ ድምፅ እንዳይገባብን ታምሩ ማይክሮፎኑን ይዞ ጋቢ ውስጥ ይሸፈናል፤ እኔ ከውጭ «ሀ» እላለሁ፣ እሱ ከውስጥ «ሀ» ይላል። ላብ በላብ ሆኖ ሲወጣ የሚታረቀኝ በቦምቦሊኖ ነበር። ቦምቦሊኖውን የምንገዛው ከጋሽ ሰዒድ ሱቅ ነው። ጋሽ ሰዒድ የወሎ ሰው ናቸው፤ በሰፈሩ ስልክ ያለው እሳቸው ሱቅ ብቻ ስለነበር የሁላችንም ሠርግና ለቅሶ መጀመሪያ እሳቸው ጆሮ ይገባ ነበር። ከ«ቀ» እስከ «ቆ» ያለውን ታምሩ ስኳር እየላሰ ስለቀዳው እስከ መጨረሻው ድረስ ሣጥኑ «ቀ» ላይ ሲደርስ ትንሽ ይጣፍጠው ነበር።

ሣጥኑ መጀመሪያ አፉን የከፈተ ቀን «አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ናት» ብዬ ጻፍኩለት። ልክ ታክሲ እንደሚሞላ ሰው እየጮኸ አነበበው። «ዋና»ን ግን «ና» ሳይጠብቅ፣ ውሃ ላይ እንደሚዋኘው ዋና አድርጎ ጠራው። ታምሩ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። «አዲስ አበባ መቼ ነው ባሕር የገባችው? ኧረ ልክ ነው፣ ክረምት ላይ ነዋ!»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ማንም አማርኛ አንባቢ የትኛውን ፊደል ጠበቅ፣ የትኛውን ላላ እንደሚያደርግ ሳይነግሩት ያውቃል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ምልክት የለም። ታምሩ ሁሉንም ፊደል አላልቶ ነበር የቀዳልኝ። እንደገና አጥብቆ እንዲቀዳልኝ ስጠይቀው «ሌላ ሙሉ ፊደል ገበታ? በስመ አብ! ስመለስ እናየዋለን» አለኝ። ስመለስ ያለው በዚያው ሰሞን መንጃ ፈቃድ አውጥቶ የከባድ መኪና ሹፌር ሆኖ ስለነበር ነው።

ብዙም ሳይቆይ በሰሜን ጦርነት ተነሣና መኪኖቹ ስንቅ እንዲያመላልሱ ተጠሩ። የሄደ ቀን እማዬ በሶ በከረጢት ቋጠረችለት። ቁርሱን ቆሞ በላና ግንባሯን ስሞ «ከናፈቅኩሽ ለውቤ ንገሪያት፣ በሣጥኑ ታናግረኛለች» አላት። ውቤ እኔ ነኝ፤ ውብነሽ። እማዬ «ሂድ ወዲያ፣ ቀልደኛ» አለችው። እስከ አስፋልቱ ሸኘነው።

መጀመሪያ አካባቢ በሚያልፉ ሹፌሮች ሰላምታ ይልክ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ሰላምታው ቆመ። ሐምሌን ሙሉ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ደጃችን ላይ ይተኛል፤ እማዬ በራፉ ላይ ተቀምጣ እየፈተለች ጉሙን ታያለች። ከእነታምሩ ጋር ከሄዱት መኪኖች የተቃጠለ እንዳለ ሰፈር ውስጥ ይወራ ጀመር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኛ ስናልፍ ወሬው ይቆማል። እማዬ ግን ዝም ያለ ሰው ምን እንደሚያወራ የምታውቅ ሴት ነበረች። ሣጥኑን ዳንቴሉን ሳትገልጥ ከላይ አቧራውን ታራግፍለታለች እንጂ ክፈችው ብላኝ አታውቅም። እኔም አልከፈትኩትም፤ ድምፁን እፈራው ነበር።

ፍልሰታ ገባ። እማዬ በየቀኑ እንጦጦ ማርያም እያስቀደሰች ጭቃ በጭቃ ሆና ትመለሳለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ያን ሣጥን ክፈችው እስቲ።»

«ምን ላስነብበው እማዬ?»

«‹ደህና ነኝ› ይበለኝ።»

«እማዬ፣ እሱ እኮ አይደለም የሚናገረው። የምጽፈው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ ጅል አረግሽኝ እንዴ? ድምፁ ግን የሱ ነው። አንዴ ብቻ ‹እማዬ፣ ደህና ነኝ› ይበለኝ። እንቅልፍ አጣሁ ልጄ።»

ዳንቴሉን አነሣሁ። «ደ»ን ጻፍኩና አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና አጠፋሁ። እንደ ዛሬው ስለ ማሽንና ስለ እውነት የሚናገር ትልቅ ሐሳብ አልነበረኝም። ፈርቼ ነው። ታምሩ የሆነ ሜዳ ላይ ወድቆ ቢሆንስ? በራሱ ድምፅ «ደህና ነኝ» ካስባልኩት በኋላ እንዴት አድርጌ ስሙን እጠራለሁ? እናቴንም እምቢ ማለት አልቻልኩም። እጇ ጉልበቴ ላይ ነበር፣ ከዝናቡ የተነሣ ይቀዘቅዛል።

በመጨረሻ ሁለት ቃል ጻፍኩ፤ «ታምሩ አለ።» በሕይወት አለ፣ ማለቴ ነበር። እሱ ስለ ራሱ የተናገረው ሳይሆን የኔ ጸሎት ይሁን ብዬ ነው።

ሣጥኑ በዚያ ታክሲ በሚሞላው ድምፅ አነበበው። ግን «ለ»ን አላጠበቀም፤ ከየት አምጥቶ ያጥብቀው? «ታምሩ አለ» ሲል፣ ታምሩ ተናገረ፣ ማለቱ ሆነ።

እማዬ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች።

«ምን አለ?» አለችኝ።

የጻፍኩትን እንደገና አየሁት።

«እ? ታምሩ አለ... ምን አለ?»

«እማዬ፣ በሕይወት አለ ልለው ነበር። ማጥበቅ አይችልም እኮ፤ አልቀዳልኝም፣ ስመለስ ብሎኝ...» ስላት መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። እኔም ሳቅኩ። ተያይዘን እስኪያመን ድረስ ሳቅን፤ ሳቁ የት ጋ ወደ ለቅሶ እንደዞረ አላውቅም። በኋላ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ዳንቴሉን ራሷ መልሳ አለበሰችው።

«ተዪው በቃ። የጀመረው ነገር ካለ መጥቶ ይጨርስ።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ሌላ ሰው ሆነች። ጎረቤት ሊያጽናናት ሲመጣ «ልጄ ወሬ ጀምሮ ነው ያቋረጠው፤ ወሬ ያልጨረሰ ሰው አይሞትም» ትላለች። ሐዘኑ አእምሮዋን ነካት የሚሉ ነበሩ። እኔ ግን ማታ ስታንኮራፋ እሰማት ነበር።

ጳጉሜ ላይ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ በራችን ተደበደበ። በአገራችን ጎህ ሲቀድ በር የሚመታ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም፤ መርዶ የሚነገረው በዚያ ሰዓት ነው። እማዬ በሩን ስትከፍት ጋሽ ሰዒድ ቆመዋል። ከሶላት መልስ ሱቃቸውን እየከፈቱ ሳለ ስልክ ተደውሎ በጀለቢያቸውና በነጠላ ጫማ ዳገቱን ሮጠው ነው የመጡት። እሷ ግን ያየችው ፊታቸውን ብቻ ነው። «ልጄን!» ብላ ደረቷን መታች። ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት እየጮኸ ወጣ፤ አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረሰች፣ ሌላዋ ስሙን እየጠራች ሙሾ ጀመረች። ጋሽ ሰዒድ ትንፋሽ አጥሯቸው እጃቸውን ብቻ ያወናጭፋሉ። በስተመጨረሻ አፋቸው ተፈታ።

«አብሽሪ የታምሩ እናት! አብሽሪ! አለ! አለ ስልሽ!»

እዚህ ወረቀት ላይ ላሳያችሁ አልችልም። የጋሽ ሰዒድ «ለ» የጠበቀውን ያህል የጠበቀ ፊደል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር ያሉት። ታምሩ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል፤ አብሮት የነበረ ሹፌር ነው የደወለው። ሙሾ ስታወርድ የነበረችው ሴት አፏን እንኳ ሳትዘጋ ወደ እልልታ ዞረች። እማዬ የጋሽ ሰዒድን እግር ልትስም ስትጎነበስ እሳቸውም ሊያነሷት ሲጎነበሱ ግንባር ለግንባር ተጋጩ።

ታምሩ ጥቅምት ላይ በክራንች መጣ። ቤቱ በሰው ሞላ። እማዬ የመጀመሪያውን ጉርሻ አጎረሰችውና ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች።

«በል እንግዲህ፣ ጨርስ።»

«ምኑን?»

«‹ታምሩ አለ› ብለህ አቁመሃል። ምን አለ?»

ታምሩ ወደ እኔ አየ፤ ምንም አልነገርኩትም ነበር። ጉርሻውን እያላመጠ ትንሽ አሰበ።

«‹ራበኝ› አለ!»

እማዬ ስትስቅ፣ ቤቱ ሁሉ ለምን እንደሚስቅ ሳያውቅ ሳቀ።

እማዬ ካረፈች ዓመታት አለፉ። የዛሬዎቹ ማሽኖች ማጥበቅም ማላላትም ያውቃሉ፤ የማንንም ድምፅ ለመልበስ ጋቢና ቦምቦሊኖ አያስፈልጋቸውም። ስለሚያሰጋኝ ነገር በየመድረኩ ይጠይቁኛል፣ የተዘጋጀ መልስ አለኝ። እውነቱን ብናገር ግን ያኔ ሣጥኔ ደካማ ባይሆን ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። እናቴ በማግሥቱም ትጠይቀኝ ነበር፣ በሠልስቱም፤ ሦስተኛው ቀን ላይ እጄ እምቢ የሚል አይመስለኝም። ጋሽ ሰዒድ ዳገቱን ሮጠው ሲደርሱ ታምሩ ሣጥኑ ውስጥ በየማታው «ደህና ነኝ» እያለ ይቆያቸው ነበር። ይዘው የመጡት ክፉ ወሬ ቢሆንስ ኖሮ ማን ያምናቸው ነበር?

ቅዳሜ ማታ ከአዳራሹ ስመለስ የታምሩ ልጅ ቤቴ መጥታ ጠበቀችኝ። እሷም የኔን ሙያ ይዛለች። ስልኬ ውስጥ እማዬ በአንድ ፋሲካ ስትመርቀን የቀዳኋት አጭር ድምፅ አለች፤ አሰማኋት። «አክስቴ፣ ይቺ ትበቃኛለች፤ አያቴን በራሷ ድምፅ ላናግርልሽ?» አለችኝ፣ ደስ ልታሰኘኝ ፈልጋ። ሻይ ቀዳሁላት። ቆይቼ «አይ፣ ይቅር የኔ ልጅ» አልኳት።

ከሄደች በኋላ ግን ወንበሬን ወደ ስልኩ ጠጋ አድርጌ ብዙ ተቀመጥኩ። እማዬ ምን ብላ እንድትናገር እንደምጽፍላት አስቀድሜ አውቄው ነበር፤ «ደህና ነኝ»።