የጋሽ ታደሰ ግራ እጅ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ሊንዳ የጨረር መለኪያ ባጅ ደረቴ ላይ ሰካችልኝና፣ «በሩ ጋ ባለው መሣሪያ ሁለቱንም እጆችሽን ሳትለኪ አትወጪም» አለችኝ። አትላንታ ውስጥ ለሆስፒታሎች የጨረር መድኃኒት የሚያዘጋጅ ፋርማሲ ነው። የማይታይ፣ የማይሸት ነገር!

መድኃኒቱ ቴክኒሺየም ይባላል፤ የውስጥ አካላቸው በምስል ለሚመረመር ሕመምተኞች በመርፌ ይሰጣል፤ የሚገኘው ከሞሊብዲነም ነው። ሞሊብዲነሙ ባሕር ማዶ ካሉ የኒውክሌር ምርምር ሪአክተሮች፣ በእርሳስ ብረት በተሸፈነ ዕቃ ይመጣልናል። ዕቃውን «ላም» እንለዋለን። ጨው ውኃ እያሳለፍን በየጠዋቱ ቴክኒሺየሙን እናልባለን።

ዋናው አላቢ ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ በዲቪ የመጡ፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አንዱ ያረጀ ሪአክተር ለጥገና ቆመ። «ላሟ ነጠፈች እኮ!» ይሉ ነበር እየሳቁ። እኔ ግን አልስቅም፤ ቀጠሮ የሚሰረዝባቸው የልብና የካንሰር ሕመምተኞች ናቸው።

ሪአክተሩ ታድሶ አዲስ ላም የመጣች ቀን ሁላችንም ተጣደፍን። ማሪዬታ ከተማ ያለ ሆስፒታል ደወለ፦ «ታካሚው አልጋ ላይ ነው፣ የት ደረሳችሁ?» ጋሽ ታደሰ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ለሾፌሩ ሰጥተው፣ ጓንታቸውን አውልቀው ወጡ። እኔ ነፍሰ ጡር ስለነበርኩ ማሸጊያ ክፍል ተዛውሬ ነበር፤ ሲወጡ ምን እንዳደረጉ አላየሁም።

ምሳ ላይ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው፣ «በሞቴ! ለሁለት ነው የምትበዪው» አሉኝ። ዋጥኩት።

ሊንዳ ገባች። «ታደሰ፣ እጅህን ለክተሃል?»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «ወይኔ! አልለካሁም።»

ተንቀሳቃሽ መለኪያ አምጥታ ግራ እጃቸው ላይ ስታደርገው ጮኸ። ሆዴን ያዝኩ። ልጄን ምን አበላኋት? ወደ ቀኝ እጃቸው አዞረችው፤ ዝም። ከንፈሬ፣ ሆዴ፣ ሳህኑ፤ ሁሉም ዝም።

ለምግብ የታጠቡት ቀኙን ብቻ ነበር። «በግራህ ምግቡን አልነካህም?» አለች ሊንዳ።

«ሰው በግራ እጅ ያጎርሳል እንዴ?» አሉና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

እስክወልድ ድረስ ግን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ጤነኛ ልጅ ተገላገልኩ። ጋሽ ታደሰ አቮንዴል እስቴትስ ያለው ቤቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ሕፃኗን ከመታቀፋቸው በፊት ሁለቱንም እጆቻቸውን ዘርግተው ፊቴ ቆሙ፤ «መጀመሪያ ለኪኝ» አሉ።

ቤቴ መለኪያ የለም። ልጄን ሰጠኋቸው።

ሥራ ቦታ ግን መለኪያ አለ፤ አዲስ ለሚገቡት ሁሉ እንዲህ እላለሁ፦ ሆስፒታል ቢጮህም፣ ሾፌር ቢጠብቅም፣ ሁለቱንም እጃችሁን ለክታችሁ ውጡ።