ዘንጉን ነክቻለሁ

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የተነሳሁት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ፍላጎቱ ኖሮኝ አይደለም። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። መንዳት የባለቤቴ ሥራ ነበር። ጎንደር ከተማ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ሚኒባስ ነድቷል፤ ለራሳችንም አንዲት አሮጌ ነጭ ማኪና ነበረችን። ከዚያ የስኳር በሽታ ዓይኑን እየጋረደው መጣ። አንድ ቀን ከአዘዞ ሲመለስ መንገድ ዳር የቆመች አህያ ገጨ። አህያዋ ተነሥታ ሄደች። እሱ ግን ግቢ ገብቶ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ከማኪናዋ አልወርድ አለ። ሻይ ይዤለት ብሄድ መሪውን እንደያዘ ነው።

«አላየኋትም እኮ» አለኝ። «ሰው ብትሆንስ ኖሮ?»

ከዚያ ቀን በኋላ መሪ አልያዘም። በዓመቱ እግሩ ላይ ቁስል ወጣበትና ሐኪም ቤት መመላለስ ጀመርን። ባጃጅ ውስጥ እግሩን መዘርጋት አይችልም፤ ኮብልስቶኑ ላይ በተንገጫገጨ ቁጥር ጥርሱን ሲነክስ አያለሁ። ማኪናችን ደግሞ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆማለች። «እኔ ልማር» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠና «እውነትሽን ነው፤ በይ ተማሪ» አለኝ።

የጽሑፉን ፈተና ባንድ ጊዜ አለፍኩ። የተግባሩ ነው ጉድ ያሳየኝ።

ፈተናው የሚሰጠው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ድረሱ እንባላለን፤ ፈታኙ የሚመጣው አራት ሰዓት ላይ ነው። መጸዳጃ ቤት የለም። ሰው ሁሉ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ስለሚሸና ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር ሴቶቹ አፍንጫችንን በነጠላ እንይዛለን። የፈተናዋ ማኪና የመቀመጫ ልብስ ተቀድዶ ቢጫው ስፖንጅ ወጥቷል፤ የስንቱን ሰው ላብ እንደጠጣ እግዜር ይወቀው። መሪው እጅ ላይ ይጣበቃል። የማርሹ እጀታ ላይ እድፍ እንደ ሰም ተጋግሯል። መጀመሪያ ቀን ስነካው እጄን ቀሚሴ ላይ ልጠርግ ብዬ፣ ቀሚሴን አሰብኩና ተውኩት።

ፈታኙ ግን ከማኪናዋ የባሰ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢያልፈው በጥቂት ነው። ከጎኔ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። ልጣጩን እግሩ ሥር ይጥላል፤ ፍሬውን መስኮት ሳያወርድ እንትፍ ይላል፤ እጁን መቀመጫው ላይ ይጠርጋል። አርባ ተማሪ የማስተምር ሴት ነኝ፤ አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው የሚጠርጉ ልጆች አይቀፉኝም። እሱ ግን ቀፈፈኝ። ፊቱ ሰው እንዳለ አይቆጥርም።

መጀመሪያ ጊዜ ዳገቱ ላይ አቁሜ ስነሳ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቅኩና ሞተሩ ጠፋ፤ ማኪናዋ ወደኋላ ተንሸራተተች። «ውረጂ» አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሜዳው ላይ በተተከሉት ዘንጎች መካከል ወደኋላ ስገባ አንዱን ዘንግ ጣልኩት። «ውረጂ።» እነዚህን ሁለቱን አልከራከርም፤ ጥፋቴ ነበር። ሦስተኛው ላይ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለውን መዞሪያ ጨርሼ ወደ ዳገቱ ስሄድ ፈታኙ ስልክ ያወራ ነበር። ከስልኩ ወዲያ ያለው ሰው ምን እንዳለው አላውቅም፤ ብቻ በድንገት «ደደብ!» ብሎ ጮኸ። ለእኔ መስሎኝ ፍሬን ረገጥኩ። የያዘው ብርቱካን ከእጁ አመለጠና ሱሪው ላይ ወደቀ።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ውረጂ! ማጀትሽ አይሻልሽም?» አለኝ።

ወረድኩ። በሰልፍ የቆሙት ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ፈገግ አልኩ፤ እስካሁን የሚቆጨኝ ያ ፈገግታ ነው። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው አለቀስኩ። ዓይኑ ደህና ቢሆን ኖሮ ፊቱን አይቼ የሚያስበውን አውቅ ነበር፤ ዓይኑ ከታመመ ወዲህ ግን ፊቱ ዝም ብሏል።

ለአራተኛው ፈተና ስሄድ ከትክል ድንጋይ የመጡ አንድ ገበሬ ከጎኔ ተቀመጡ። ስድሳ የሚጠጋቸው፣ ካኪ ኮት የለበሱ ሰው ናቸው። ከወንድሞቻቸው ጋር አሮጌ ፒክአፕ ገዝተው ገጠር ለገጠር ሲነዱ ኖረዋል፤ አሁን ያለ መንጃ ፈቃድ ከተማ መግባት ስላስቸገራቸው ነው የመጡት። ሦስተኛ ፈተናቸው ነው።

«ምነው እኅቴ፣ ፊትሽ እንዲህ አመድ መሰለ?» አሉኝ።

«ሦስት ጊዜ ወድቄ ነው፣ አያ።»

«እኔስ ሁለት ጊዜ ወድቄ የለ? አይዞሽ። የዘንጉ ነገር እንደሁ ቀላል ነው። ዘንጉን አትይው፤ በስፖኪዮ የኋላ ጎማሽን ብቻ እይው። ጎማው ከገባ ሌላው ይገባል።»

ከእኔ በፊት የተጠሩት እሳቸው ነበሩ። ቆሜ አየኋቸው። እንደዚያ ያለ ሸጋ አነዳድ በዚያ ሜዳ ላይ አላየሁም። ዳገቱን ሲነሱ ማኪናዋ አንዲት ጣት ወደኋላ አላለችም። በዘንጎቹ መካከል ባንድ ጊዜ ገብተው ቆሙ። የተሰለፈው ሰው ሁሉ «እሰይ!» አለ። ፈታኙ በመስኮት ብቅ ብሎ ወደ እኛ ተመለከተና ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ወድቀሃል። ፍሬቻ አዘግይተሃል።»

«ኧረ ልጄ፣ መዞሪያው ጋ ሳልደርስ ነው ያበራሁት፤ ሕዝቡ አይቷል።»

«ሕዝቡ ነው እንዴ የሚፈትንህ? ውረድ አንተ ሽማግሌ፤ ሰው አታስጠብቅ።»

ሰውዬው ወረዱ። አልተሳደቡም። ኮታቸውን አራገፉና በአጠገቤ ሲያልፉ «በርቺ» ብለውኝ ወደ አስፋልቱ ሄዱ። ማናችንም ቃል አልተነፈስንም፤ እኔም ጭምር። ተራዬ ደርሶ ነበር።

ዳገቱን ደህና ወጣሁ። ስምንት ቁጥሩንም ዞርኩ። ወደኋላ ስገባ ግን ሽማግሌው እንዳሉኝ ጎማውን ልይ ብል ዓይኔ ወደ ዘንጉ ሄደ። ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የግራው ዘንግ ተንቀጠቀጠ፤ ባይወድቅም መንካት ብቻውን ከፈተና ይጥላል። ሞተሩን አጠፋሁና እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ «ውረጂ» የሚለውን ጠበቅኩ።

«አልፈሻል» አለኝ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። በደስታ ራሴን አጣሁ። ጎንበስ ብዬ ያንን በብርቱካን ጭማቂ የተለወሰ እጁን በሁለት እጄ ያዝኩት። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ልጆችዎን ያሳድግልዎ» አልኩት። ዘንጉን ስነካ አላየኝም፣ አልኩ በልቤ። ወይም አይቶ አዘነልኝ። ለካ ደግ ሰው ኖሯል፤ እኔ ነኝ በክፉ ያየሁት እያልኩ፣ ራሴን እየወቀስኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

ባለቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ገና የግቢውን በር ሳልዘጋ፣

«እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ። እንዲህ ሲያደርግ የደበቀኝ ነገር እንዳለ ከሃያ ዓመት ትዳር በኋላ አውቃለሁ።

«አብሮኝ ሚኒባስ ይነዳ የነበረው ሰው የፈታኙ አማች ነው» አለኝ። «ደወልኩለት። ሌላ ምንም የለም። ‹ሚስቴ ናት› አልኩት፤ በቃ።»

«መቼ ነው የደወልከው?»

«ያለቀስሽ ዕለት።»

ተነሥቼ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ደግሜ ታጠብኩ። የብርቱካኑ ሽታ ከጣቶቼ መካከል አልለቅ አለ። ያስጠላኝ ፈታኙ ብቻ አልነበረም። ከእሱ ይልቅ እጁን ይዤ የመረቅሁትን ራሴን ተጸየፍኩ። የሽማግሌው ኮት ሲራገፍ ታየኝ። እሳቸው «ሚስቴ ናት» የሚልላቸው ሰው አልነበራቸውም።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ባለቤቴ ከበረንዳው። «ሁሉም እንዲሁ አይደል?»

«ሁሉም እንዲሁ ስለሆነ ነው የሚያስጠላኝ» አልኩት። ለአራት ቀን ከምግብና ከመድኃኒት በቀር አላነጋገርኩትም።

በሚቀጥለው የፈተና ቀን ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ወደ ሜዳው ተመለስኩ። መጀመሪያ ሽማግሌውን ፈለግሁ፤ የሉም። ፈታኙ ማኪናዋን ተደግፎ ቆሟል። ቀረብ ብዬ፣

«ባለፈው አሳልፈውኝ ነበር» አልኩት። «ዘንጉን ነክቻለሁ።»

«አይቻለሁ» አለኝ።

አይክድም ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ሁሉ ክህደቱን የምመልስበት ንግግር ነው።

«ታዲያ ለምን አሳለፉኝ?»

«ማለፍም ያስከስሳል እንዴ? ሰው ቢወድቅ ያለቅሳል፤ አንቺ ደግሞ ቢያሳልፉሽ ታለቅሻለሽ። ሂጂ፣ ወረቀትሽን ውሰጂ።»

ሰልፈኞቹ ሳቁ። አንዲት ወጣት ሴት «ምነው ለእኛ ባደረገልን!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ ሳቁ በረታ። ያን ቀን እኔ ፈገግ እንዳልኩት ነው የሚስቁት።

«ከትክል ድንጋይ የመጡት ሽማግሌስ? እሳቸው ምን አጠፉ?»

«የትኛው ሽማግሌ?»

መልኩን አየሁት። እያስመሰለ አልነበረም። ከሳምንት በፊት ያባረራቸውን ሰው ረስቷቸዋል። ስድቡንና ክፋቱን ታግሼ ነበር፤ ይሄኛውን ግን መታገሥ አቃተኝ። ዞር ብዬ ሄድኩ።

ለበላይ አለቃ ላመልክት አስቤ ወደ ቢሮው ገብቼ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ጉዳዩን ካስረዳኋት በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንዲህ ከሆነማ የእርስዎ ይሰረዝና ከትምህርቱ ጀምሮ ይደግማሉ፤ ሽማግሌው ግን አይጠቀሙም፤ ራሳቸው ካላመለከቱ ጉዳያቸው አይታይም» አለችኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ቆሜ አሰብኩ። የባለቤቴ ቁስል ሌሊት ሌሊት እየጠዘጠዘው ነበር። «ታዲያ ምን ይሻልዎታል?» አለችኝ። መንጃ ፈቃዴን ፈርሜ ወሰድኩ። ይህን መጻፍ አልወድም፤ ግን የሆነው ይኸው ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤቴን አጠገቤ አስቀምጬ ወደ ኮላ ድባ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጤፍ የታጨደበት ማሳ ላይ መለማመድ ጀመርኩ። ባለማሳውን ገበሬ አስፈቅጄ አራት የባሕር ዛፍ እንጨት ተከልኩ። የኋላ ጎማዬን ብቻ እያየሁ ገባሁ፣ ወጣሁ። በሦስተኛው ሳምንት ተከታትዬ አሥር ጊዜ ሳልነካ ገባሁ። ባለቤቴ «አየሽ? ድሮም ትችይ ነበር» አለኝ ሊያስደስተኝ። ደስ አላለኝም። ያን ጊዜ አልቻልኩም፤ ሽማግሌው ግን ችለው ነበር።

አሁን ሐኪም ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። እግሩን የኋላ መቀመጫው ላይ ዘርግቶ ይተኛል። ቁስሉ እየጠገገ ነው፤ ሐኪሙም ጥሩ ነው ብሎታል። ከእሱ ጋር ታርቀናል፤ ስለ ስልኩ ግን ሁለተኛ አላነሣንም። እኔን ብሎ እንዳደረገው አውቃለሁ፤ እኔም እሱን ብዬ ነው የወሰድኩት። ይህ ነገሩን ለሁለታችንም አያነጻውም።

ባለፈው ወር አንዲት አብራኝ የምታስተምር ሴት በእረፍት ሰዓት ወደ ክፍሌ መጣች። ልጅዋ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃባታለች።

«አንቺ ሰው እንዳለሽ ሰምቻለሁ» አለችኝ እየሳቀች። «ለባለቤትሽ ንገሪልኝ፤ አንድ ስልክ ነው እኮ።»

«አልነግርም» አልኳት። «ልጅሽ ትለማመድ። እንጨት ተክዬ ራሴ አስተምራታለሁ።»

ፊትዋ ተለወጠ። «ለራስሽ ሲሆን ደህና፣ ለሰው ሲሆን ጽድቅ?» አለችኝ።

እውነትዋን ነበር። ጠመኔዬን አንሥቼ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች። ልጅዋን አልላከችልኝም፤ እሷም እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም።